ውደድ ተብሎ ይወደዳል ወይ?

በአገራችን ሁለት የማይስማሙ ቃላት በአንድ አፍ ተስማምተው ሲኖሩ እናያለን። ጧት በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት ባልንጀራን እንደ ራስ አድርጎ ስለ መውደድ ሲሰበክ ራሱን እየነቀነቀ የሰማ ሰው፣ ከቀትር በኋላ አንድ ቸገረኝ ባይ ሲመጣበት «ምን ላድርግህ ወንድሜ፣ ከራስ በላይ ነፋስ ነው» ብሎ ያሰናብተዋል። ይህን ሰው ግብዝ ነው ብሎ መገላገል ይቻላል። ዳሩ ግን ነገሩ እንዲያ የቀለለ አይመስለንም። ሰውየው ጧት የሰማውን አምኖበታል፤ ከቀትር በኋላ የተናገረውንም ኖሮበታል። አንደኛው ትእዛዝ ነው፤ ሁለተኛው ልምድ ነው። ትእዛዙ ከላይ ወርዶ፣ ልምዱ ከታች በቅሎ፣ መሐል ላይ ሳይገናኙ ቀርተዋል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ይኸው ነው። ክርስትና ሰውን ሁሉ ውደድ ይላል። ለመሆኑ ፍቅር ይታዘዛል ወይ? ቢታዘዝስ እንዴት ያድጋል? እምነት ያለው ሰው ለሌላው ያለው ፍቅር ከዓመት ዓመት እየጨመረ የሚሄደው በምን መንገድ ነው? ጥያቄው የሰባክያን ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአንድ ዶርም ስድስትም ስምንትም ሆነን ለምናድር፣ ከየአገሩ ተሰብስበን ምግብ ቤት በር ላይ አንድ ሰልፍ ለምንሰለፍ ለኛ ለተማሪዎች የዕለት ተዕለት ጥያቄ ነው።

አስቀድመን የተቃዋሚውን ክርክር እንስማ። ጎመን የማይወድን ሰው «ጎመን ውደድ» ብለን ብናዘው፣ ፈርቶን ወይም አክብሮን ሊበላው ይችል ይሆናል፤ ሊወደው ግን አይችልም። ጉሮሮ ይታዘዛል እንጂ ምላስ አይታዘዝም። በሰው ላይም እንዲሁ ነው። ፊቱን ባየን ቁጥር ደማችን የሚፈላበትን ሰው «ከነገ ጀምሮ ውደደው» የሚል ደብዳቤ ቢደርሰን ምን እናደርጋለን? ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የግብረ ገብ መጽሐፉ ይህን ችግር በሚገባ አይቶታል። በሱ አስተያየት፣ ስሜት ሆኖ የሚመጣ ፍቅር በትእዛዝ አይገኝም፤ ሊታዘዝ የሚችለው በተግባር የሚገለጸው ፍቅር ብቻ ነው። ባልንጀራን፣ ጠላትን እንኳ ሳይቀር፣ ስለ መውደድ የሚናገረውን የመጽሐፍ ቅዱስ ትእዛዝም የተረጎመው በዚሁ መንገድ ነው። ልብህ ባይፈቅድም መልካም አድርግለት፤ ግዴታህ ነውና። አለቀ።

ይህ አስተሳሰብ ግማሽ መንገድ ይወስደናል፤ ለዚያም ምስጋና ይገባዋል። ፍቅርን ከስሜት ግዞት ያወጣዋል። «አልወደውምና ምን ላድርግ» የምትለዋን ምክንያት ከአፍ ይነጥቃል። ግማሹን መንገድ ግን አይወስደንም። እስቲ ነገሩን ከሰጪው ሳይሆን ከተቀባዩ በኩል እንየው። አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት ስለ መስተንግዶ ብቻ አይደለም። ፊቱን አዙሮ ሳንቲም የሚወረውር ሰው ግዴታውን ፈጽሟል። ሳንቲሙን ከመሬት የለቀመው ሰው ግን ከሳንቲሙ ጋር የዞረውንም ፊት ይዞ ነው የሚሄደው። በሳንቲሙ የገዛው ዳቦ ሆዱን ይሞላለታል፤ የዞረው ፊት ግን ዳቦ የማይሞላውን ሌላ ጉድጓድ ቆፍሮበት ይሄዳል። እንግዲህ ፍቅር ከእጅ ሊጀምር ይችላል፤ እጅ ላይ ከቀረ ግን ገና ፍቅር አልሆነም።

ታዲያ ከእጅ ወደ ልብ የሚያሻግር ድልድይ አለ ወይ? አለ እንላለን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው አሪስጣጣሊስ፣ ሰው ፍትሐዊ የሚሆነው ፍትሕን በመሥራት፣ ደፋር የሚሆነውም የድፍረትን ሥራ በመሥራት ነው፤ ሙዚቀኛም ቢሆን መሣሪያውን በመምታት ነው ሙዚቀኛ የሚሆነው ብሎ አስተምሯል። በኛ አገር እናድርገውና፣ በገና ደርዳሪ የሚሆነው በገና የደረደረ ነው። ጀማሪው ጣቱ ይላላጣል፤ ድምፁ ይሻክራል፤ ጎረቤት ይማረርበታል። ውሎ አድሮ ግን ጣቱ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል፤ ቀድሞ በግድ ያደርገው የነበረውን አሁን ካላደረገው ቅር ይለዋል። «ውደድ» የሚለው ትእዛዝም «አሁኑኑ ይሰማህ» ማለቱ አይደለም፤ «ዛሬ ጀምር» ማለቱ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ይሁን እንጂ ይህንኑ ተረት ቀረብ ብለን ብናየው ሌላም ነገር ያስተምረናል። እንቁላል በራሱ ጊዜ ተነሥቶ አይሄድም። ሃያ አንድ ቀን የምታቅፈው፣ የምታሞቀው ዶሮ ያስፈልገዋል። ያለ ሙቀት የተቀመጠ እንቁላል ቀኑ በጨመረ ቁጥር ይገማል እንጂ አይፈለፈልም። ክርስትና ከአሪስጣጣሊስ የሚለይበት ቦታ ይህ ይመስለናል። ልምምድ ግድ ነው፤ ከልምምዱ በፊት ግን መታቀፍ አለ። ሐዋርያው ዮሐንስ በመልእክቱ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ በሱ አነጋገር የኛ መውደድ መልስ ነው እንጂ መጀመሪያ አይደለም። አስቀድሞ የወደደን አለ። ያልተወደደ ሰው መውደድን ከየት ይማራል? ምእመን የሚጸልየው፣ የሚቀድሰው፣ የሚቆርበው እግዚአብሔር ውለታ እንዲቆጥርለት ከሆነ ነገሩን ገልብጦታል። ሙቀቱ ዘንድ ለመቀመጥ ከሆነ ግን እንቁላሉ አንድ ቀን እግር ያወጣል።

ቃላቱንም ትንሽ ብንመረምር አይጎዳንም። በዛሬው አማርኛ ፍቅር ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው የወንድና የሴት ነገር ነው። ዘፈኑም ልብ ወለዱም በዚሁ የተሞላ ነውና አይፈረድም። ግሪኮች ግን የዚህን ዓይነቱን ፍቅር ኤሮስ፣ የወዳጅነቱን ፊልያ ሲሉት፣ የአዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች ደግሞ አጋፔ የሚለውን ቃል መርጠው ሌላ ትርጉም አሸክመውታል። ይኸውም የሚወደደው ሰው ምን ያምራል፣ ምን ይጠቅመኛል ብሎ የማይጠይቅ ፍቅር ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ በ13ኛው ምዕራፍ ፍቅርን ሲገልጽ ልብ ብለን ካየነው፣ የሚዘረዝረው ስሜትን ሳይሆን አድራጎትን ነው፤ መታገሥን፣ ቸርነትን፣ አለመቅናትን፣ አለመታበይን። ስለ ልብ መምታትና ስለ እንቅልፍ ማጣት አንዲት ቃል አይወጣውም።

ባልንጀራ የሚለው የራሳችን ቃልም ይገርማል። በግዕዙ «ቢጽ» የሚባለውን አማርኛችን ባልንጀራ ብሎታል፤ ብዙ ሰዎችም ቃሉን «ባለ እንጀራ» ከሚለው ጋር ያያይዙታል። እንጀራ ተካፋይ ማለት ነው። እንግዲያው ባልንጀራን መውደድ ማለት በሐሳብ ሰማይ ላይ የሚንሳፈፈውን «የሰው ልጅ» የሚባለውን ሳይሆን፣ ከአንድ መሶብ እጁን የሚሰድደውን ሰው መውደድ ማለት ነው። የሰውን ልጅ በጅምላ መውደድ ቀላል ነው፤ የሰው ልጅ አያንኮራፋም፣ የተበደረውን መጽሐፍ አያስቀርም፣ ተራው ሲደርስ ክፍል ሳይጠርግ አይወጣም። እነዚህን ሁሉ የሚያደርገው የአልጋ ጎረቤታችን ነው። ሩስያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ በ1880 እ.ኤ.አ. ጽፎ በፈጸመው በወንድማማቾቹ ካራማዞቭ መጽሐፉ፣ የሰውን ዘር በጠቅላላው አብዝቶ በወደደ ቁጥር አጠገቡ ያለውን አንዱን ሰው መታገሥ እየከበደው ስለ ሄደ ሰው ያነሣል። ለጭቁኑ ሕዝብ እሞታለሁ ብሎ ለዘበኛው ሰላምታ የሚነፍገውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን።

አሁን ወደ ልምምዱ እንምጣ። አባቶች ለዚህ ልምምድ ሥርዐት ሠርተውለታል። ጾምን እንውሰድ። ጾም የምግብ ዝርዝር መቀየር አይደለም፤ በጾም ምክንያት ሳይበላ የተረፈው ለተራበ እንዲሰጥ ከጥንት ጀምሮ ይመከራል። ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት አንድ ላይ የሚጠሩትም ስለዚሁ ነው። የጽዋ ማኅበርን እንውሰድ። በየወሩ በአንዱ ጻድቅ ወይም መልአክ ወይም በእመቤታችን ቀን ተራ በተራ ከየቤቱ ይሰበሰባሉ። ሀብታሙ የድኻውን ቤት ደፍ ይረግጣል፤ ድኻውም በተራው አስተናጋጅ ይሆናል። ተቀባይ ብቻ ሆኖ የሚኖር ሰው የለም። በቅዳሴ ላይ ደግሞ ዲያቆኑ ምእመናኑ እርስ በርሳቸው የሰላምታ እጅ እንዲነሣሡ የሚያዝበት ሰዓት አለ። ያን ጊዜ ሰው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲሰግድ የሚሰግደው ስሙን ለማያውቀው፣ ምናልባትም በመሬት ድንበር ለተካሰሰው ጎረቤቱ ነው። ወገቡ አስቀድሞ ጎንበስ ይላል፤ ልቡም እንዲከተለው ይጠበቃል። የተጣላም ሳይታረቅ ወደ ቅዱስ ቁርባን አይቀርብ ተብሏል።

የቤተ ክርስቲያን ባይሆንም እድርም ከዚህ የራቀ አይደለም። እድርተኛ ለሟች የሚደርሰው ሟቹን ወድዶ ወይም ጠልቶ አይደለም። ትናንት በአጥር የተጨቃጨቀውን ሰው ዛሬ አስከሬኑን ይሸከማል። በብዙ ሠፈር ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ። የተሸከሙትን ሰው ደግሞ እንደ ቀድሞው መጥላት አስቸጋሪ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሥርዐት ካለን ለምን አላፈራም? ይህን ጥያቄ ሸሽቶ ስለ ፍቅር መጻፍ ነውር ነው። ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በፕሪቶርያ ስምምነት እስከ ተፈረመበት እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ሆኗል። በዚህም ምሽግ በዚያም ምሽግ ማተቡን ያሰረ፣ ያንኑ ዓቢይ ጾም የሚጾም፣ በዚያው ግዕዝ የሚቀደስበት ሕዝብ ልጅ ነበረ። አንዱ እናት ልጄን አደራ ብላ ለእመቤታችን ስትሳል፣ ሌላይቱም እናት በማዶ ለዚያችው እመቤት ትሳል ነበር። የማንኛውም ወገን ጠበቃ ሆነን አይደለም ይህን የምናነሣው። የምናነሣው ሥርዐቱ ብቻውን እንደማያድን ስለሚያሳይ ነው።

የጎደለው ምንድን ነው? በኛ አስተያየት፣ እምነት በር መሆኑ ቀርቶ አጥር ሲሆን ፍቅር ማደጉን ያቆማል። «የኛ ሰው» የሚለው ቃል ክርስቲያናዊ ይመስላል፤ ግን የኛን ሰው መውደድ በግም በመንጋው ያደርገዋል። ሕግ አዋቂው «ባልንጀራዬ ማነው?» ብሎ የጠየቀው አጥሩ የት ላይ እንደሚያበቃ እንዲለካለት ነበር። የተሰጠው መልስ ግን ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ በወንበዴ ተደብድቦ የወደቀው ሰው ታሪክ ነው። ካህኑ አለፈ፤ ሌዋዊው አለፈ፤ የቆመው ከአይሁድ ጋር የማይዋደደው ሳምራዊ ነው። ቁስሉን በዘይትና በወይን አጠበለት፤ በራሱ አህያ ጫነው፤ ለእንግዳ ማደሪያው ባለቤትም ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ትርፍ ቢወጣ ስመለስ እከፍላለሁ አለ። በታሪኩ መጨረሻ ጥያቄው ተገልብጦ ይመለሳል፤ ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ሳይሆን ባልንጀራ የሆነው ማን እንደ ሆነ። ባልንጀራ የሚፈለግ ሰው ሳይሆን የሚሆኑት ነገር ሆኖ ተገኘ።

ይኸው ታሪክ ለሌላ ክርክርም መልስ ይሰጣል። «ሰው ለመውደድ ክርስቲያን መሆን ግድ ነው ወይ? ከክርስቲያን የበለጠ ደግ እስላም፣ ምንም የማያምን ደግ ሰው አናውቅም ወይ?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እናውቃለን። ጌታም ለምሳሌ የመረጠው ሰው ከወገኑ ሃይማኖት ውጪ የነበረውን ሳምራዊ ነው። ስለዚህ ፍቅር የክርስቲያኖች ርስት ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ከወንጌሉ ጋር ነው የሚጣላው። እኛ የምንለው ሌላ ነው። እምነት በሚገባ የተያዘ እንደ ሆነ፣ ፍቅር ሲደክመው የሚደገፍበትን ነገር ይሰጠዋል።

ሌላ፣ ከበድ ያለ ክርክር ደግሞ አለ። ከኛ በፊት በዩኒቨርሲቲ ግቢ የነበሩት፣ «መሬት ላራሹ» ብለው በ1957 ዓ.ም. አደባባይ የወጡት ትውልድ ልጆች፣ ምጽዋት የበደልን ዕድሜ ያራዝማል ይሉ ነበር። ድኻው ፍርፋሪ ሲሰጠው ድርሻውን መጠየቅ ይረሳል፤ ሀብታሙም ኅሊናውን በሳንቲም ይገዛል። ይህ ክርክር በስድብ የሚመለስ አይደለም፤ እውነት አለበትና። ፍቅር ፍትሕን ለመሸሽ መደበቂያ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ያደገ ፍቅር እንዲህ አያደርግም። በቅዳሴያችን ስሙ የሚጠራው የቂሣርያው ባስልዮስ፣ በ368 እ.ኤ.አ. ገደማ በቀጰዶቅያ ጽኑ ረኃብ በገባ ጊዜ፣ እህል አከማችተው ዋጋ እስኪወደድ በሚጠብቁት ባለጠጎች ላይ ያለ ርኅራኄ ሰብኳል። በሣጥን ተቆልፎ የሚበሰብሰው ልብስ የታረዘው ሰው ንብረት ነው እስከ ማለት ደርሷል። በስብከት ብቻም አላበቃ፤ ከከተማው ውጪ ለድኾች፣ ለመንገደኞችና ለሕሙማን የሚሆን ትልቅ የመጠለያ መንደር አሠራ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ስለሱ ባሰማው የመታሰቢያ ንግግር፣ ባስልዮስ ለምጻሞችን ሳይጸየፍ ይስም እንደ ነበረ መስክሮለታል። እንግዲህ ይህ ሰው በአንድ እጁ ጎተራ የሚቆልፉትን ገሠጸ፤ በሌላው እጁ ቁስለኛውን አቀፈ። አንዱ ያለ አንዱ አልሆነለትም።

ከአገራችንም ምስክር አናጣም። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1980 እ.ኤ.አ. ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወደ ወሎ ወጡ። የሄዱት እንደ ማንኛውም ተሳላሚ ለነፍሳቸው ነበር። በዚያ ግን በረኃብ የሚረግፈውን ሕዝብ አዩ። በእጃቸው የነበረውን ዳቦና ጠበል አካፈሉ፤ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናትንም ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ሁለቱ ሃያ አንድ ሆኑ። ባላቸው አልተስማሙም፤ እሳቸውም ልጆቹን መረጡ፤ ከሞቀ ቤታቸው ወጥተው ከነሱ ጋር በደሳሳ ጎጆ ኖሩ። ያ ነገር አድጎ በስማቸው የሚጠራ ትልቅ የሕፃናት ማሳደጊያና የልማት ድርጅት ሆነ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሕመም እስካረፉበት ቀን ድረስም በዚሁ ሥራቸው ጸንተው ኖረዋል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ነጥለን ማየት እንፈልጋለን። ሴትዮዋ የአገሩን ረኃብ አጠፋለሁ ብለው አልተነሡም። መጀመሪያ ሁለት ነበሩ። ሦስተኛውን መጨመር የተቻላቸው ሁለቱን ስለ ያዙ ነው። ፍቅር የሚያድገው እንዲህ ነው፤ ከተሸከመው በላይ አንድ እየጨመረ። ያን ረኃብ ያዩት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። ሌላው ተሳላሚ አልቅሶ ሄዶ ይሆናል፤ ለቅሶውም እውነተኛ ነበር ይሆናል። ልዩነቱ ለቅሶው ያበቃበት ቦታ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ከኛ ጋር በዕድሜም በኑሮም የሚቀራረቡ ምስክሮችን እንጥራ። በደቡብ ቡሩንዲ ቡታ በሚባል ቦታ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ንኡስ ዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት አለ። በጥቅምት 1993 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሜልኪዮር ንዳዳዬ ከተገደሉ በኋላ አገሩ በሁቱና በቱትሲ መካከል በተነሣ እልቂት ታመሰ። ሕዝቡ በብዛቱ ክርስቲያን ነው፤ ይህም አላገደውም። በቡታ የነበሩት ተማሪዎች ግን ከሁለቱም ወገን ነበሩ። አስተዳዳሪዎቹ ነገሩን በዝምታ አላዳፈኑትም፤ ልጆቹን እያሰባሰቡ ስለ ፍርሃታቸውና ስለ ቂማቸው በግልጽ እንዲነጋገሩ አደረጉ። አብረው ጸለዩ፤ አብረው በሉ፤ አብረው ተጫወቱ። ይህ የአንድ ቀን ስብሰባ አልነበረም፤ ዓመታት የፈጀ ነው።

ሚያዝያ 30 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. ገና ሲነጋ ታጣቂዎች ከተማሪዎቹ መኝታ ቤት ገቡ። ሁቱ በአንድ ወገን፣ ቱትሲ በሌላ ወገን ተለያይታችሁ ቁሙ ብለው አዘዙ። ልጆቹ አንለያይም አሉ። አርባ ተማሪዎች ተገደሉ። ዛሬ በቦታው መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን አለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ከተገደሉት መካከል አንዲት እርምጃ ወደ ጎን በመራመድ ሊድኑ የሚችሉ ነበሩ። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው ተረት እውነት የሚሆንበት ሰዓት ቢኖር ያ ሰዓት ነው። ያን እርምጃ እንዳይራመዱ የያዛቸው ምንድን ነው? በዚያች ደቂቃ ድንገት የመጣ ስሜት ነው ብለን አናምንም። በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚመጣ ስሜት ፍርሃት ነው። የያዛቸው በየቀኑ በትንሽ በትንሹ የተገመደ ገመድ ነው፤ አብሮ የተበላ ምግብ፣ አብሮ የተደረሰ ጸሎት፣ ሳይደበቅ የተነገረ ቂም። ወንድማማች የሆኑት በዚያ ንጋት አይደለም፤ በዚያ ንጋት የታወቀው አስቀድሞ ወንድማማች መሆናቸው ነው። ካንት ግዴታ ይለው ይሆናል፤ አሪስጣጣሊስ ልማድ ይለው ይሆናል። ልጆቹ ግን የተማሩት አስቀድሞ ስለ ሌሎች ነፍሱን ስለ ሰጠ ስለ አንዱ ነበር። የሰሙትን ታሪክ ሲኖሩት ተገኙ።

ይህ ነገር ለኛ ሩቅ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በአንዳንድ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ብሔርን መነሻ ባደረገ ግጭት ተማሪዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው በፍርሃት ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። የዶርም በር ሲንኳኳ «ማነው?» የሚለው ጥያቄ «ከየት ነው?» ወደሚለው የተቀየረበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ፍቅርን ያን ዕለት መማር አይቻልም። ፈተና ክፍል በር ላይ ደብተር እንደ መግለጥ ነው።

እንግዲያው እምነት ለፍቅር ማደግ የሚሰጠው ምንድን ነው ብለን ብንጠቀልል ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ የሰውን ዋጋ ከሰውየው ጠባይና ከዘሩ ነጥሎ ከፍ ባለ ቦታ ያስቀምጥለታል። ሰው በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ነው ካልን፣ የሚያናድደንም ሰው ቢሆን ያ ማኅተም አለበት፤ እኛ ስለ ተናደድን አይፋቅም። ሁለተኛ፣ ወዳድ ራሱ የተወደደ መሆኑን ያስታውሰዋል። ባዶ ኪስ ያለው ሰው ልስጥ ቢልም ከየት ያመጣል? ሦስተኛ፣ እንደገና የመጀመር ፈቃድ ይሰጠዋል። ከሰው ጋር የኖረ ሁሉ መውደድ እንደሚወድቅ ያውቃል። ንስሐና ይቅርታ የሌለበት ፍቅር በመጀመሪያው ጠብ ያበቃለታል። ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በል መባሉ የሒሳብ ትምህርት አይደለም፤ ቆጣሪውን ጣለው ማለት ነው።

አድራጎቱስ? ትልቅ ነገር አንመክርም። በጸሎት ጊዜ ከሚወዱት ዘመድ ስም ጋር የማይወዱትን የአንድ ሰው ስም ጨምሮ መጥራት ይቻላል፤ ስሙን በእግዚአብሔር ፊት ሲጠሩት የከረሙትን ሰው በሰው ፊት ማማት እየከበደ ይሄዳል። ቋንቋችንን በደንብ ከማይችለው ልጅ ጋር አንድ ትሪ ላይ መቅረብ ይቻላል። በጾም ያተረፍነውን ሳንቲም ስንሰጥ ፊታችንን ሳናዞር፣ «እንደምን አደሩ እናቴ» ብለን መስጠት ይቻላል። «የኛ ሰው» ሌላውን ሲበድል ዝም ያለማለት ደግሞ ከሁሉም የሚከብደው ስለ ሆነ መጨረሻ ላይ አስቀመጥነው እንጂ አነስተኛ ስለ ሆነ አይደለም።

እነዚህ ነገሮች ጥቃቅን ናቸው የሚል ቢኖር አንከራከረውም። የቡታ ልጆችም ከዚያ ንጋት በፊት ያደርጉት የነበረው ጥቃቅን ነገር ነበር። ውደድ ተብሎ ይወደዳል ወይ ላልነው፣ በአንድ ቀን አይወደድም፤ ሳይጀመር ግን በሺህ ቀንም አይወደድም ብለን እንመልሳለን። ከየትኛው ሰው እንደሚጀመር አንባቢ ከኛ ይልቅ ያውቀዋል። ምናልባትም አሁን ይህን ጽሑፍ ሲያነብ በማዶ አልጋ ላይ ተጋድሟል።